ያልተቀመሰው የዒድ ብስኩት

በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ በስደት ሱዳን ሳለን ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ በሎሪ ስንሄድ፣ አንዲት የጎንደር እናት ብስኩት የሞላ ጣሳ ታቅፈው አጠገባቸው ካለች ነፍሰ ጡር ጋር ያወጋሉ።

«ገዳሪፍ ያለች ባለሱቅ ዱቄትና ቅቤ ሰጥታ፣ ‹ለዒድ ጋግሪ፤ ከጣመኝ እቀጥርሻለሁ› ብላኛለች።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል፣ እማማ?»

«አልቀመስሁትማ! እኔ የሰኔን ጾም ይዣለሁ።»

«ጎረቤት አያቀምሱም?»

«አጋገሩን ያስተማረችኝ ጎረቤቴም ረመዳን ይዛለች። ስኳሩና ጨዉ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ልጄ፤ የቱን እንደጨመርሁ እንጃ!»

«ለእርጉዝማ ተፈቅዷል፤ ያምጡት።»

አንዱን ቀስ ብላ አላመጠች።

«ኧረ ተናገሪ!»

«እኔስ ጣፈጠኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው ግን ‹ገና አልለየሁትም፣ ድገሚኝ› ይላል።»

«ሦስተኛ ካማረው ወጥቶ ይጋግር!»

እኔ ጾመኛው ጣሳው እስኪከደን ድረስ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርሁ።