አትነሳ ያልኩት ልጄ

ልጄን ባለጌ ሁንልኝ ብዬ የለመንኩበትን ቀን ልንገራችሁ። መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ወገቡን ከመታው ወዲህ ያለ ድጋፍ አይቆምም። የጉዳት አበል ስንጠይቅ ግን «መሥራት ይችላል» ብለው መለሱን። ለምን ብትሉ፣ የሐኪሞች ቦርድ ፊት የቀረበ ዕለት አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሲገቡ ግድግዳውን ይዞ «ኖር» ብሎ ተነሳላቸው። ቆሞ አዩት፣ እንደዚያው ጻፉ። ያን ዕለት ቤት ያስገባነው ግን በቃሬዛ ነበር።

ይግባኝ ብለን ከቢቸና ሞጣ ሄድን። መንገዱን ሙሉ «ዛሬ ጳጳስ ቢገባ እንኳ እንዳትነሳ» እያልኩ ለመንኩት። ይግባኝ ሰሚዎቹ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ሰብሳቢው ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ አዩትና «ምነው ልጄ፣ ለሽማግሌ አይነሱም እንዴ?» አሉት።

«እናቴ ከልክላኝ ነው አባቴ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንደምንም ብዬ በቦርዱ ዕለት የሆነውን ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና «እንግዲያው ሌላ ሐኪም አስተኝቶ ይመርምረው» ብለው አዘዙ። እመብርሃንን በልቤ አመሰገንኩ፤ ያ ሁሉ መንገድ ግን እንደገና ይጠብቀናል።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ሊወጡ ሲሉ ሰው እንደገና ተነሳ። የልጄም እጅ ወንበሩን ጨበጠ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ ትከሻውን ተጭኜ ቆየሁ።