ሁለተኛው ቅጽ

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ቀረ። የቧንቧ ውሃ መጀመሪያ በሦስት ቀን፣ ኋላ በሳምንት አንዴ፣ በመጨረሻም ጨርሶ ጠፋ። የጡብ ፋብሪካው ተዘጋ። ያለ ውሃ ግንባታ የለምና እኛ ግንበኞች ሥራ ፈታን። በሳምንት ሁለት ቀን ቦቴ መኪና እየመጣ አደባባዩ ላይ ይቆማል፤ እኛም ጀሪካን ይዘን ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን እንሰለፋለን። ሰው በሰልፉ ላይ ተሰዳደበ፤ ተደባደበም። ከዚያ ሆድ የሚያጥብ በሽታ ገባ። ደካሞች ሞቱ። አንዷ ሚስቴ ነበረች።

ከዚያ ዘመን አንድ ደህና ነገር ተረፈ። የምጽፈው እሱን ነው።

ከውሃ መሥሪያ ቤት ቤት ለቤት እየዞረች ቆጣሪ የምታነብ አንዲት ወጣት ነበረች። ቆጣሪው ሁሉ ስለቆመ አለቆቿ ሰልፍ እንድታስከብር ወደ ቦቴው ላኳት። ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን ይሰማል። በሁለተኛው ቀን ጠቡ ሲበረታ ከቦርሳዋ መጽሐፍ አወጣች፤ ጀሪካን ደፍታ እላዩ ላይ ቆመችና ማንበብ ጀመረች። ሳቁባት። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰው ተራው ደርሶ ሳለ፣ “ቆይ እንጂ፣ ምዕራፉ ይለቅ!” ብሎ ተራውን ለኋለኛው ሲለቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዝናቡ መጣ። ቧንቧው ተከፈተ፤ ሰልፉ ተበተነ። ንባቡ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሱቅ ዞረ። የመቁረጫ ጠረጴዛው አሥራ አራት ሰው ያስቀምጣል። የጎደለው መጽሐፍ ነበር። የልጅቷ ሦስት መጻሕፍት አለቁ። ሌላ ካልተገኘ ማኅበሩ መበተኑ ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ መዝገብ ዘንድ የደጃቸውን ደረጃ እየጠገንኩ ነበር። ጋሽ መዝገብ የሚባሉት የመዝገብ ቤት ሹም ሆነው ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ አንድ ወረቀት ስላልጠፋባቸው ነው። ቤታቸው ውስጥ ባለመስተዋት ቁምሳጥን ሙሉ መጽሐፍ አላቸው። ቁልፉ ከደረት ኪሳቸው አይወጣም።

ልጅቷ ቆጣሪ ልታነብ ገባች።

“እንደምን ዋሉ ጋሽዬ? ቆጣሪው እንዴት ነው?”

“መዞር ጀምሯል። ይኸው እኔም እሱም ከሞት ተርፈናል።”

ቁጥሩን ጻፈች። ቀና ስትል በተከፈተው በር ቁምሳጥኑን አየች።

“ይሄ ሁሉ የእርስዎ ነው? ስድሳ ይሆናል!”

“ስድሳ ሦስት። ስድሳ አራት መሆን ነበረበት።”

እጄ ውስጥ ያለው የግንበኛ ማንኪያ ቆመ። ልጅቷ ግን በደስታዋ ብዛት የመጨረሻውን ቃል አልሰማችም። ስለ ቅዳሜው ንባብ ነገረቻቸውና መጻሕፍቱን እንዲያውሱ በትሕትና ለመነች።

“ልጄ፣” አሉ፣ “አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ። ግን ሰው ተሰብስቦ የሚሰማው አዋጅ ነው። መጽሐፍ የብቻ ነው።”

“ማንበቡስ የብቻ ነው ጋሽዬ። ያነበቡትን ለብቻ ይዞ መቀመጡ ነው የሚከብደው።”

“ምን ይከብዳል? ስድሳ ሦስቱን ተሸክሜ ወገቤ ቀጥ እንዳለ ነው።”

“ባለፈው ወር ስለየትኛው ከማን ጋር አወሩ?”

የደረት ኪሳቸውን ዳሰሱ። ሚስት የላቸውም። የሚጎበኛቸው እኔና ቆጣሪ አንባቢዋ ብቻ ነን።

“ደግሞስ ያ ልብስ ሰፊ ባለበት ቤት መጽሐፌ አይገባም፤” አሉ በመጨረሻ። “ሌባ ነው።”

“እሳቸው? በምን?”

“ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ስለ አንድ ድልድይ ሠሪ። አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውን ለማግስቱ አቆየሁ። ክፍሉ ይለሰን ስለነበር ቁምሳጥኑ ግቢ ወጥቷል። ልብስ ሰፊው ኮት ሊለካኝ መጣ፣ ለክቶ ሄደ። ማታ ሁለተኛው ቅጽ የለም። ከዚያ ወዲህ ቁምሳጥኑን ቆልፌዋለሁ።”

“ሲወስድ አይተዋል?”

“ማየት ምን ያስፈልጋል? በዚያ ቀን ግቢዬ ከገባው ሰው ማንበብ የሚችል እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግንበኞች ናቸው።” በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። “ይሄ ራሱ ነበር። ግንበኛ መጽሐፍ ምን ይሠራለታል? ጡብ መስሎት ግድግዳ ውስጥ ካልከተተው!”

ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም።

መጽሐፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በመጽሐፉ ልባስ ላይ ባለ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ተስሏል። ቅስቱ እንዴት እንደተያዘ ላይ ብዬ በጃኬቴ ሸጉጬ ወሰድኩት፤ በማግስቱ ልመልስ። በማግስቱ ስመጣ ጋሽ መዝገብና ልብስ ሰፊው አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ሚስቴም እስክትሞት “መልስ” ትለኝ ነበር።

ልጅቷ ተስፋ አልቆረጠችም።

“እኛ ጋ መጽሐፍ አይጠፋም ጋሽዬ። በገመድ የተንጠለጠለ ደብተር አለ። የወሰደ ይፈርማል። ሲመልስ ደግሞ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ‘ይህ መጽሐፍ ለእገሌ ይሆናል’ ብሎ ከነምክንያቱ። ለሁሉም ይሆናል ማለት ክልክል ነው።”

“ክልከላው ደግሞ ምን የሚሉት ነው?”

“ተሳስቼ የተማርኩት ነው። መጀመሪያ ኮሌጅ ሳለሁ የወደድኩትን ለሰልፉ ሁሉ አነበብኩ። ጀሪካናቸውን ተደግፈው አንኮራፉ። ኋላ እያንዳንዱን ጠየቅኩ። ዳቦ ጋጋሪዋን ባሏ ጥሏት ሄዷል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ባሏን የምታባርር ሴት ያለችበትን ሰጠኋት። በሁለት ቀን ጨርሳ፣ ‘ይህ ለጎረቤቴ ይሆናል’ ብላ ጻፈች። ጎረቤቷ ባለትዳር ናት። ባልየው ይኸው እስከ ዛሬ አኩርፏል።”

ጋሽ መዝገብ ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው መልሶ ጠቆረ።

“እኔን የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንደኛው ቅጽ የሚያልቀው ወንዙ ሞልቶ መወጣጫውን ከነሰውየው ሲወስደው ነው። ይሙት ይትረፍ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ነው።”

“ተርፏል፤” አልኩ።

ላወራ አላሰብኩም ነበር። አፌ ነው ያለው።

“ምን አልክ?”

“ተርፏል። ዓሣ አጥማጆች አወጡት። አንድ እግሩ ሸፋፋ ሆነ። ስሙን ቢጠይቁት አይናገርም፤ ድዳው ይሉታል። ለመንደሩ ሌላ ድልድይ ሠራ። ስሙን ለምን እንደደበቀ ግን አላውቅም። አንደኛውን አላነበብኩም።”

“ሥራውን የተረከበው በታላቅ ወንድሙ ስም ነው፤” አሉ ጋሽ መዝገብ ቀስ ብለው። “ዲፕሎማው የወንድሙ ነበር። ወንድምየው በዚያ ሰበብ ታሰረ።”

“ለካ ለዚህ ነው! ድልድዩን ሲጨርስ ድንጋዩ ላይ የማላውቀውን ሰው ስም ይቀርጻል። ስምንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ያ ስም የማን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።”

“የወንድሙን ስም ቀረጸ?” አሉና ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጡ። “የወንድሙን?”

ሁለታችንም ያልደረቀው ሲሚንቶ ላይ ቆመን ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በዕድሜዬ ከሰው ጋር አውርቼ አላውቅም። ልጅቷ ታየናለች። ከዚያ ጋሽ መዝገብ ቆም አሉ። ነገሩ ገባቸው። ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

“መጽሐፉ አለ አባባ?” አለችኝ ልጅቷ።

“አለ። ጣሪያ አፍስሶበት ጠርዙ አብጧል።”

“ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ። ዕዳው ለእሳቸው ብቻ አይደለም።”

ቅዳሜ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው መርፌ በከንፈሩ ነክሶ ይሠራል። ሰው ሁሉ ተቀምጧል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ያደረግኩትን ተናገርኩ። ረጅም አልነበረም።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ።

“አንተ! ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ ስባል እያየህ፣ ሱሪህን ልታሳጥር እዚህ ትመላለስ ነበር?”

“አዎ።”

“እግርህን ማሳጠር ነበረብኝ!”

በዚህ መሐል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጋሽ መዝገብ ናቸው። በብብታቸው አንደኛው ቅጽ አለ። ያንን ደፍ ካለፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። አለፉት።

“ወንድሜ፣” አሉ ለልብስ ሰፊው፣ “በሰው ፊት ሰድቤሃለሁና በሰው ፊት ይቅር በለኝ። አንተ ላይ የፈረድኩት ግንበኛ አያነብም ብዬ ነው።”

ልብስ ሰፊው ከመደርደሪያው ጥግ የተጠቀለለ ጨርቅ አወረደ። “የኮትዎ ጨርቅ። ልኬቱም ተጽፎ አለ። ወገብዎ ግን በጽሑፉ የሚገዛ አይመስለኝም።” ሰው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “አንተን ግን በአፍ ብቻ አልምርህም። ሌባ ያሰኘኝ አንተ አታነብም መባሉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ቅጽ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በዚህ ሰው ሁሉ ፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነባለህ።”

እሺ አልኩ።

ጋሽ መዝገብ አንደኛውን ቅጽ አሥራ አንድ ቅዳሜ አነበቡ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ ለልጅቷ ሰጧት። ስድሳ ሦስቱም ወጡ፤ የጠፋ የለም። አንዱ ዘይት ነክቶት ተመለሰ፤ ጋሽ መዝገብ ሦስት ቀን አኮረፉ፣ በአራተኛው ራሳቸው ‘ለወጥ ቤት ሠራተኛ ይሆናል፤ ቀድሞም ተለማምዷል’ ብለው ጻፉበት። በሰልፉ ላይ የተደባደቡት ሁለት ሴቶች አሁን የሚጨቃጨቁት ስለ ምዕራፍ ነው። አንድ ዘበኛ ፊደል ቆጥሮ ስሙን በራሱ እጅ ፈረመ። ቤት ለቤት የማይጠያየቅ የነበረ ሰው፣ “ያ መጽሐፍ አንተን አሳሰበኝ” ብሎ በር ያንኳኳል። ለሰው መጽሐፍ መምረጥ ሰውየውን ማወቅ ይጠይቃል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ከስድሳ ሦስቱ አንዷ ስለ መጠጥ ውሃ አያያዝ የምትናገር ቀጭን መጽሐፍ ናት። ውሃ ስለ ማፍላት፣ ጀሪካን ስለ ማጠብ። አሥራ ሰባት ቤት ዞራለች። በዚያ ክፉ ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፋ ነበር። ቁምሳጥኑን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው መጽሐፍ ለሚቆልፍም፣ የተዋሰውን ለማይመልስም ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ገጽ ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ። ቃል ሲያደናቅፈኝ ልብስ ሰፊው አይረዳኝም፤ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። በስድስተኛው መርፌውን አስቀምጦ ያዳምጥ ጀመር። ሰውየው የወንድሙን ስም ድንጋዩ ላይ ሲቀርጽ ጋሽ መዝገብ መነጽራቸውን አወለቁ። በአሥራ አራተኛው ቅዳሜ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። ደብተሩን ከነገመዱ ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ገለጠና ወደ እኔ ገፋው። ብዕሩንም ሰጠኝ።

“መልሰሃል፤” አለ። “ፈርም።”

ፈረምኩ።