የልጅ ልጄ አይደለችም

ካፒታን ኡሴቢዮ ያን ቀን ጠዋት ወደ ከተማ ሊሻገሩ የተነሡት የልጅ ልጃቸውን ሊክዱ ነበር። ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ወደቡ ዳር ካለው ዳስ ሥር ተቀምጠው ሲጠብቁ ጀልባዋ መጣች። ከጀልባዋ ላይ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ራሷ የልጅ ልጃቸው ሮዌና።

"ሎሎ፣ ወዴት ነው?" አለችና እንደ ወጉ እጃቸውን ወስዳ ግንባሯን አስነካች። በደሴቲቱ ላይ ሰው ሁሉ "ካፕ" ነው የሚላቸው፤ የቀበሌው ሹም ናቸውና። "ሎሎ"፣ አያቴ፣ ብላ የምትጠራቸው እሷ ብቻ ናት።

"ወደ ከተማ። ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።"

"ምን ጉዳይ?"

"የሽማግሌ ጉዳይ።"

"የሽማግሌ ጉዳይ በነጭ ሸሚዝ ነው እንዴ የሚፈጸመው?"

ካፒታን መዋሸት አይሆንላቸውም። ስንት ዓመት የተሾመ ሰው መዋሸት አይሆንለትም ስል አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል። ለሌላው ሰውማ ይችሉበታል፤ ፊቷን እያዩ ለእሷ መዋሸት ነው ያቃታቸው።

"ለወጣቶች ምክር ቤት ሊቀ መንበርነት እንድትወዳደሪ ላመቻች ነው" አሉ በመጨረሻ።

ሮዌና ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። "እኔ? ሕጉ እኮ የሹም ዘመድ እስከ ሁለተኛ ደረጃ አይወዳደርም ይላል። ከእርስዎ ወደ አባቴ አንድ፣ ከአባቴ ወደ እኔ ሁለት። አጎቴ ቢሆኑ ኖሮ ሦስተኛ እንሆንና ባለፍን ነበር።"

"እሱንም አስቤበታለሁ። ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ዘመዴ አይደለችም ብዬ እምላለሁ። አባትሽ እናትሽን ሳያገባ ስለተወለድሽ የምትጠሪው በእናትሽ ቤተሰብ ስም ነው። ማን ይደርስበታል?"

"ደሴቱ ሁሉ ያውቃል።"

"ደሴቱ ሁሉ ዝም ይላል።"

"ለምንድን ነው ዝም የሚለው?"

"ስለሚያከብረኝ ነዋ።"

"ስለሚፈራዎት ነው ሎሎ። የሚያከብርም ዝም ይላል፣ የሚፈራም ዝም ይላል። እርስዎ በየት ይለዩታል?"

ካፒታን ይህን ጥያቄ ከአንድም ሰው አፍ ሰምተውት አያውቁም። ትንሽ ከፋቸው። "ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም" አሉ። "አባቴ እኔን ሹመት ውስጥ አስገባ፣ እኔ አባትሽን የወጣቶቹ አለቃ አደረግሁት። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ግን ምን ተሠራ?"

"የቅርጫት ኳስ ሜዳው።"

"ስምዎ በትልቁ የተጻፈበት። ሌላስ?"

"ማልያ ተገዛላቸው።"

"እሱም ጀርባ ላይ ስምዎ አለ። ልጆቹ ኳሷን ቅርጫት ሲያስገቡ እንኳ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት።"

ካፒታን ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

"ይስሙኝ ሎሎ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይህ ሕግ እኛን ለመጉዳት አልወጣም። ከአሥራ አምስት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለው ወጣት ይምረጥ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሃያ አራት ያለው ይመረጥ ይላል። የተመረጠው ወንበሩን ሳይዝ በፊት ይሠልጥን ይላል። ከቀበሌው በጀት አንድ አሥረኛው የእነሱ ይሁን፣ በምን እንደሚያውሉት ራሳቸው ይወስኑ ይላል። የሹሙ የልጅ ልጅ እዚያ ከተቀመጠች ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሹሙ ነው። የዓሣ አድራቂዋ ልጅ ጀሪሊን አለች፤ መናገር ትችላለች፣ የምትኖረውም እዚሁ ነው። እኔ እኮ ለትምህርት ከተማ ነው የማድረው።"

"እሱማ ነው የገደለኝ!" አሉ ካፒታን። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ከተመረጥሽ እዚህ ትኖሪያለሽ ብዬ ነው። አባትሽን ባሕር በላው። እናትሽ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ተቀጥራ በዚያው ቀረች። አያትሽ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ የማወራው ከሬዲዮ ጋር ነው። ዜና አንባቢው ደህና እደሩ ሲል፣ አብረን እንደር እለዋለሁ።"

ሮዌና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀን ቀን የቀበሌው ሰው ጠቡንና አቤቱታውን ይዞ ደጃቸውን ሲያጨናንቅ ስለምታይ፣ አያቷ ሰው ይናፍቃቸዋል ብላ አስባ አታውቅም። ባለጉዳይ ግን ጉዳዩ ሲያልቅ ይሄዳል፤ እንግዳ አይደለም።

"ሎሎ፣ ሰው አጣሁ ብለው ነው ያለችዎትን አንዲት ሰው የለችኝም ብለው የሚምሉት? ከማሉ በኋላ ማን ይቀርዎታል?"

ጀልበኛው "ካፕ፣ አይሳፈሩም?" ብሎ ጠየቀ።

"ሂድ ልጄ፤ ጉዳዬ ቀርቷል" አሉት። ጀልባዋ ስትርቅ ወደ ሮዌና ዞሩና "ሹመቴን ብለቅስ? ያን ጊዜ ሕጉ አይከለክልሽም" አሉ።

"አይከለክለኝም። ግን እኔ አልፈልገውም። ነርስ መሆን ነው የምፈልገው።"

ለካ ሁሉን ነገር ሲያቅዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቋትም ነበር። ያ ነው ከሁሉ ያሳፈራቸው።

ምርጫው ደረሰና ጀሪሊን ተመረጠች። የሹም ዘመድ ያልሆነ ሰው ወንበር ሲያገኝ ምን እንደሚጠቅም ያየ አየ። ወጣቶቹ በየስድስት ወሩ እየተሰበሰቡ የተመረጡትን ልጆች ምን ሠራችሁ ብለው ይጠይቃሉ። ድሮ ለማልያ ይውል በነበረው ገንዘብ ወደቡ ላይ መብራት ገባ፤ ከከተማ ትምህርት ቤት አምሽተው የሚመለሱት ልጆች በጨለማ መደናቀፍ ቀረላቸው። ሹምም ቢሆን ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም፤ የሚያጨበጭብለት ብቻ የከበበው ሰው ስሕተቱን ማን ይነግረዋል?

ይህን ካፒታን በመጀመሪያው ስብሰባ ቀመሱት። ለበዓሉ የኳስ ሜዳው በወጣቶቹ ገንዘብ ቀለም ይቀባ አሉ። የቀበሌው ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀሪሊን ብድግ አለች።

"ካፕ፣ ይቅርታ፣ እኔ አልስማማም። በዚህ ገንዘብ የምንወስነው እኛ ነን" አለች።

ካፒታን ተቆጡ፣ ሕጉን አምጪው አሏት፣ አመጣችው። ተከራከሩ፣ ተረቱ።

ማታ ለሮዌና ደወሉ። "ያቺ የዓሣ አድራቂዋ ልጅ ዛሬ በሰው ፊት ረታችኝ" አሉ።

"ተናደዱ?"

"ተናደድኩ እንጂ። እንዲህ ከሰው ጋር አፍ ለአፍ ከገጠምኩ ስንት ዘመኔ። ክርክሩ አላለቀም፤ ነገ እቤት መጥታ ልታስረዳኝ ነው። ምሳ በልተሽ ትሄጃለሽ ብያታለሁ። ስሚ እስቲ ልጄ፣ ሩዝ ለሁለት ሰው ሲሆን ውሃው ምን ያህል ነበር?"