ሲታመሙ መግባት፣ ሲድኑ መውጣት

ቴሳ ብራንት በዚያ የኅዳር ቅዳሜ የበረዶ አካፋ ልትገዛ ሱቅ ብትገባ ሥራዋ ተከትሏት ገባ። በዊስኮንሲኑ የወረቀት ፋብሪካ የሠራተኞቹን የጤና መድን ጉዳይ የምትይዘው እሷ ናት፤ በየኅዳሩ የመድን መቀየሪያው ጊዜ ለሁለት ሳምንት ሲከፈት መንገድ ላይ የሚያስቆማት ሰው ብዙ ነው። የዛሬው የፋብሪካው አንጋፋ መካኒክ አቶ ዋልተር ኦስትቢ ነበሩ።

«ሰኞ ፎርሙን አዘጋጂልኝ ልጄ፤ ወደ ርካሹ መድን ልመለስ ነው» አሉ እየሳቁ።

አምና መዋጮው ከፍ ያለውን፣ ግን ሁሉን የሚሸፍነውን ሙሉ መድን ገብተው ጉልበታቸውን አስቀየሩ። ዓይናቸውን በታከሙበት ዓመትም እንዲሁ ገብተው ወጥተዋል። የቴሳ ትዕግሥት አለቀ።

«ለጉልበትዎ ማን የከፈለ ይመስልዎታል?»

«መድኑ ነዋ።»

«መድኑ እኮ ሰዎቹ ናቸው፣ ጋሼ። ጤነኛው ሲወጣ የሚቀረው ሕመምተኛ ብቻ ነው። ወጪው ለጥቂት ሰው ይካፈልና የወሩ መዋጮ ይንራል፤ መዋጮው ሲንር ደግሞ ሌላው ይሸሻል።»

አቶ ዋልተር በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ደንቡ እንደሚፈቅድ፣ ደንቡንም እሳቸው እንዳላወጡት፣ ወጣቶቹማ ጭራሽ ሙሉውን ነክተውት እንደማያውቁ አስረዱ። ስለ ወጣቶቹ ያሉትን ቴሳም አልካደችም። ግን ይህን ክርክር ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል፤ ብልጠትን ከቁጠባ የማይለይ ሰው ያደክማል። ሙሉውን የመረጠ ሦስት ዓመት ይቆይ የሚለውን ሐሳብ በሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ አምርረው የተቃወሙትም እኚሁ ሰው ናቸው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ዶና፣ የአቶ ዋልተር የሠላሳ ዓመት የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ የሩዲ ሚስት ናት። አካፋውን ተቀብላ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ሩዲ ትናንት ከሙሉው ወጣ። ለመጪው ዓመት የታሰበውን የመዋጮ ጭማሪ አልቻልነውም። ርካሹ የልቡን መድኃኒት አይሸፍንም፤ እንዲበረክትለት ካሁኑ አንድ ቀን እየዘለለ ነው የሚውጠው።»

አቶ ዋልተር እስከ ጆሯቸው ቀሉ። «ለምን አልነገረኝም?»

«ጉልበትህ ነው ያስወጣኝ ይበልህ?»

ሐሙስ ማኅበሩ በሦስት ዓመቱ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ የተነሡት አቶ ዋልተር ነበሩ። ተሳስቼ ነበር ብለው ተቀመጡ። ደንቡ ጸደቀ። ጤነኞቹ ስለቆዩ የታሰበው ጭማሪ ቀረ፤ ሩዲም የመቀየሪያው ጊዜ ሳያልፍ ወደ ሙሉው ተመልሶ መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ጀመረ። ሰው በጤናው ጊዜ የሚያዋጣው ለታመመ ባልንጀራው ነው፤ ነገ ደግሞ ለራሱ።

በዓመቱ አቶ ዋልተር የቴሳ ቢሮ ድረስ መጥተው አጉረመረሙ።

«ዓመቱን ሙሉ ከፍዬ አንድ ቀን እንኳ አልታመምኩም።»

ቴሳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ተመስገን አይሉም?»