ጸበል ለአሰቡ ዓሣ

ከዱርቤቴ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠው የፋብሪካ ሠራተኛ ጄሪካን ታቅፏል። ከወዲያ በኩሉ ያሉት እማሆይ ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝኸው?»

«ጸበል ነው እማሆይ።»

«ይማርልህ። ማን ታሞብህ?»

«ዓሣ።»

«ዓሣ?»

«ወንድሜ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። የባሕር ዓሣ ከነውሃው፣ ከነድንጋዩ አመጣልኝ። እኔም ከአሮጌ የመስኮት መስታወት ገንዳ ሠራሁለት።»

«ጣና አጠገብህ እያለ?»

«የጣናው ለወጥ ነው እማሆይ። ይሄ ቢያዩት ቢጫ ነው፣ ዓይን ያበራል።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

«ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨው በጥብጬ እሞላ ነበር። ለካ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል! ዓሣው በጎኑ ተኛ። እኔ ሥራ ስውል አማቴ ጸበል ጨመሩበት።»

«አበጁ!»

«ገደሉብኝ ብዬ ልጮህ ስል ይዋኛል! እፎይ አልሁ። ጨው የሌለው ውሃ ነበር የቸገረው።»

«እንግዲያ የቧንቧውም ይበቃው ነበራ።»

«ይበቃው ይሆናል። ግን በዚህ ከዳነ በኋላ ማን ደፍሮ ይቀይራል?»

«ኧረ ይሁን። ባሕር ዳር ግን ጸበል ጠፍቶ ነው ዱርቤቴ ድረስ የመጣኸው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚያ ያውቁኛል እማሆይ። በፋብሪካችን ማርክሲዝም የማስተምረው እኔ ነኝ።»

አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲገባ እኔ ያልሰማሁ መስዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞርሁ ጄሪካኑን በአንድ እጄ ደገፍሁለት።