የኮሚናሉ አዲስ ጓጉንቸር

ሰዓደትዬ፣ ያንን የገመዱን ጫፍ ሳብ አድርጊልኝ እስቲ… እሰይ። ውሃ በመጣ ቀን ፀሐይም አብራ ስትወጣ ደስ አይልም? እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሁለቱ ተገጣጥመው አያውቁም እኮ። ልጆቹ ደህና አደሩ? ትንሿን ዛሬ ያህያ ነው የያዛት? ጎሽ! ባል እንዲህ ነው። የኔ ሟች፣ ነፍሱን ይማርና፣ አራት ልጅ ወልጄለት አንዱንም አቅፎ ደጅ አልወጣም፤ ሰው ያየኛል ብሎ። አሁን ይኸው ወንዶቹ ልጅ ታቅፈው ደረጃው ላይ ይጨዋወታሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ… ሴቶቹማ ይዘሉ ነበር። እስካለፈው ሳምንት።

በዓይንሽ ምን ትጠቁሚኛለሽ የኔ ልጅ? አንደኛ ፎቅ ያለው የሰብሳቢያችን መስኮት ክፍት ስለሆነ ነው? ይሁና! አየር ይግባላቸው እንጂ። እኔ እንደሆን ክፉ ነገር አላወራ። የማወራው ስለ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ደግነት ነው።

ደግ ሴት ናቸው እኮ! እውነቴን ነው። ስድስት ሴቶች ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የጋራ ቤታችን ኮሚናሉ ውስጥ ሙዚቃ ከፍተን ስፖርት ስንሠራ ማን አሰበልን? እሳቸው። ላብ ላይ ብርድ እንዳይመታን፣ ክብራችን እንዳይነካ ብለው ሰኞ ጠዋት አዲስ ጓጉንቸር ገዝተው ቆለፉልን። በሩ ላይ የለጠፉትንስ አይተሽዋል? «ከእናትነትና ከጨዋነት ጋር የማይሄድ እንቅስቃሴ ተከልክሏል»… የእጅ ጽሑፋቸው እንዴት ያምራል!

እናትነት አሉ… አንቺ እንግዲህ ሦስት ወልደሽ፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ ስፌት ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ታጥፈሽ እየዋልሽ፣ ወገብሽ አልነሳ ሲል ሐኪሙ «ወይ ተንቀሳቀሺ ወይ ሥራውን ተዪው» ያለሽ ጊዜ፣ እናት መሆንሽን ረስተሽ ነበር ማለት ነው? ሌሎቹስ መላ አያጡም። እየሩሳሌም ጂም ብላ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ ትሄዳለች። ሜዳም አለ፤ ባለቁምጣው ሁሉ ይሮጥበታል። አንቺ ግን ወንድ ሳያይሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ሂጃብሽን አውልቀሽ የምትንቀሳቀሺበት ያ ክፍል ብቻ ነበር ያለሽ። እሳቸው ይህን አያውቁም ልበል? ያውቃሉ። ራስሽ እያለቀስሽ ነግረሻቸዋል። በጣም አዘኑልሽ አሉ። ቆልፈው አዘኑ።

ድሮ ሴት ስፖርት አትሠራም ነበር እንዳትይኝ ደግሞ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያዩት ቀን የተፈጠረ ይመስላቸዋል። እኔ በደርግ ጊዜ ፋብሪካ ስገባ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማስ ስፖርት ተብሎ ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፎ አንድ፣ ሁለት ይላል። ታዘን ነው እንጂ ወደን አልነበረም። ግን ደሞዛችንን በእጃችን የምንቀበል ልጆች ነበርንና ነገሩ ሳናስበው ጣመን። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አቋቋምን። በቁምጣ! አዎ፣ እኔ ፈለቀች፣ በነጭ ቁምጣ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት! ከዚያ አገባን፣ ወለድን፤ ስፖርታችን ጀሪካን መሸከም ሆነ። ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን ደግሞ ያንኑ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ማውጣት። ይህንን ግን ከጨዋነት ጋር አይሄድም ያለን የለም። ማስታወቂያም አልተለጠፈበት።

ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች… ስሟ ጠፋኝ፣ እርጅና! ኳሱን እኔ አነሳላታለሁ፣ እሷ ትመታለች። ስትዘል ለማየት ብቻ ሰው ምሳውን ጥሎ ይመጣ ነበር። ልምምድ ላይ አሠልጣኙን ቀድማ የምትጮኽብን እሷ ናት፤ «ጉልበት አጥፋችሁ ውረዱ! ተረከዝ አይቅደም!» እያለች። ለዋንጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረን አገባች። ባልየው ሚስቴ ቁምጣ ለብሳ አትታይም አለ። እሷም ቁምጣዋን አጣጥፋ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። እንዲያውም «መጀመሪያውኑም የጨዋ ልጅ ሥራ አልነበረም» አለችኝ፤ እኔን፣ ገና የምጫወተውን! ያለ እሷ ገብተን ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ቂም የለኝም… ሦስት ለዜሮ እኮ ነው ሰዓደት! አሁን የት እንዳለች እንጃ። ተከብራ ይሆናል። የሆነ ኮሚቴም ትመራ ይሆናል፣ ማን ያውቃል?

ይህንን ተይውና ያለፈው ዓርብ ትዝ ይልሻል? ሰብሳቢያችን ሊቆጡን በሩን በርግደው ሲገቡ? ነጠላቸውን አጣፍተው «ምንድነው ይሄ ዝላይ? እናቶች አይደላችሁም ወይ?» ሲሉ አንቺ ደንግጠሽ ከዝላይሽ ጉልበትሽ እንደተገተረ መሬት ላይ አረፍሽ። እሳቸው ታዲያ ቁጣቸውን መሀል ላይ ትተው «ጉልበትሽን አጥፈሽ ውረጂ እንጂ! ተረከዝ አይቅደም፣ ወገብ የሚጎዳው በሱ ነው!» አላሉሽም? ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ጉልበትሽን አላስተካከሉትም? ከዚያ እሳቸውም እጃቸውን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በነጋታው እንዳሉሽ አድርገሽ ብትዘዪ ወገብሽን አላመመሽም። ሰኞ ጓጉንቸሩ መጣ። ይኸው ነው ደግነታቸው የምልሽ። ዓርብ አከሙሽ፣ ሰኞ ቆለፉብሽ። እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ሜዳ ረግጠው የማያውቁ ጨዋ ሴት ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት? በህልማቸው ይሆን?

እሁድ ስብሰባ አለ። አይዞሽ፣ እጄን አውጥቼ አንድም ክፉ ቃል አልናገርም። በሩ ይከፈትልን ብዬም አልለማመጥ። አሠልጣኝ ይመደብልን ነው የምለው፤ ልምድ ያላት፣ ጉልበት የምታውቅ። እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት የለችም ከተባለ፣ የድሮውን ቡድን ልጆች ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ። እስከዚያ የጠፋኝ ስም ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ እሁድ እሁድ ጭንቅላቴ ጥሩ ነው።

ውይ… መስኮቱ ተዘጋ? ንፋስ ይሆናል። ንፋስ የለም እንዴ? መጋረጃው ጠርዝ ላይ ግን ጣት ይታየኛል፤ ይስሙ፣ ምርቃት ነው የቀረኝ። አንቺም አሜን በይ፣ የእናንተም አሜን ያው አሜን ነው።

እግዚአብሔር ለሰብሳቢያችን ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ክብራቸውን አይቀንስ። ቁልፉን ከእጃቸው አያውጣው። ከሁሉም በላይ፣ ሰዓደትዬ፣ ከባድ እንቅልፍ ይስጣቸው… ጠዋት ጠዋት እኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን መቁጠር በጀመርን ቁጥር፣ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ስር አብሮን እንዳይቆጥርባቸው።