በአንድ ዓይን የተሳለችው እመቤታችን

«አንተ፣ እመቤታችንን በአንድ ዓይን ትሸጣለህ?» ብለው አንዲት እናት ፖስተሬን ይዘው ሲጮሁ የሞላሌ ገበያተኛ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። የፈረንጅ ስዕል ነው፤ ከአዲስ አበባ በጥቅል አምጥቼ ነው የምቸረችረው። ልጇን ታቅፋ ወደሱ ስለዞረች አንድ ጎኗ ብቻ ይታያል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው። ጎረምሶቹ «ይቀደድ!» ማለት ሲጀምሩ ጥቅሌን ሸክፌ ልሮጥ ስል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሉ አንድ መሪጌታ መሃል ገቡ። ፖስተሩን ተቀብለው ብርሃን ላይ ዘረጉት። ትኩር ብለው አዩትና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ፦

«እናቴ፣ እኛ እንድታየን ብለን ወደኛ አዙረን እንስላታለን፤ ይሄ ሰዓሊ ግን፣ ከሞተ ስንት ዘመኑ ይሆን፣ ልጇን ስታይ ነው የሳላት። እርስዎስ ልጅዎን ታቅፈው ገበያተኛውን ነበር የሚያዩት?» ሴትዮዋ ሳቅ አመለጣቸው፤ ፖስተሩንም ገዝተው ሄዱ። እኔ ያንን ስዕል ስንቴ ጠቅልዬ ስፈታው አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ በትከሻዬ ይዘው ቀና አደረጉኝ፦ «ይልቅ ሌሎቹንም ፍታቸው፤ ቁጭ ብለን አብረን እንያቸው።»